ቀለም የሌለው የቀለም ትምህርት

አንድ ሐሙስ ማታ እህቴ ደወለችልኝ። «ቶሎ ና፤ ጉድ ሆነናል!» ክፉ ነገር ጠርጥሬ እየከነፍኩ ስደርስ፣ ጉዱ ለካ የልጅቷ «ፕሮጀክት» ኖሯል። የእህቴ ልጅ ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበረች። «በአካባቢያችሁ በሚገኝ ነገር የባህል ቤት ሞዴል ሠርታችሁ ነገ ጠዋት ይዛችሁ ኑ፤ ከአሥር ይያዛል» ተብለዋል።

ልጅቷ ግን ሥራዋን ጨርሳለች። ከጓሮ ጭቃ አቡክታ፣ ሣር ነቅላ አንዲት ጎጆ አቁማለች። ጎጆዋ ትንሽ ዘመም ብላለች። ጣሪያዋ ከእንቅልፉ የተነሣ ሰው ጸጉር ይመስላል። ከሁሉ የሚያስቀው በሩ ነው፤ የቤቱን ግማሽ ያህላል። «ይሄ ሁሉ በር ምን ያደርጋል?» አልኳት።

«እምዬ ሁልጊዜ በር ላይ ቁጭ ብላ አይደል የምትጠብቀን? እሷ ቁጭ ብላም እኛ እንድናልፍ ነዋ!» አለችኝ፤ ይሄ እንዴት አይገባህም በሚል አስተያየት።

እኛ ትልልቆቹ ተያየን። ይቺን ይዛ ብትሄድ ከአሥር ስንት ልታገኝ ነው? አባትየው ካርቶንና ኮላ አመጣ፤ እኔ ምላጭ ያዝኩ፤ እህቴ ከመጥረጊያው ላይ ሣር መዘዘች። እኩለ ሌሊት ሲሆን መሐንዲስ የለካው የሚመስል ጎጆ ወጣልን። ልጅቷ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። በማግስቱ አሥር ከአሥር ደፈንን። «ደፈነች» ሳይሆን «ደፈንን» ያልኩት ሆን ብዬ ነው።

በሳምንቱ ቤታቸው ስሄድ «የጭቃዋ ቤትሽስ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ጣልኳት። የኔማ አያምርም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ተለወጠ። ድሮ ወረቀት ይዛ ስትመጣ «ጋሼ፣ እይልኝ» ነበር የምትለው። አሁን «ጋሼ፣ ሣልልኝ» ሆነ። ይቺ የአንድ ቃል ለውጥ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነስታኛለች።

በመጀመሪያ ጥፋቱን በዘመኑ ላይ ልለጥፍ ሞክሬ ነበር። ኋላ ግን የራሴ ልጅነት ትዝ አለኝ። በእኛ ጊዜ መምህራችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጀበና ይሥላሉ፤ እኛ እንገለብጣለን። እኔ ጆሮ የሌለው ጀበና ሣልኩ፤ የእኛ ቤት ጀበና ጆሮው የተሰበረ ነበርና። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረጉበት። «ጀበናው ጆሮው የታለ?» ክፍሉ ሳቀ። ከፍ ስንል ደግሞ «ቲቺንግ ኤይድ ሠርታችሁ አምጡ» ይባል ነበር። እኛም ገንዘብ አዋጥተን ለሰፈር ጽሕፈት ሠሪ እንሰጥና በነጭ ጨርቅ ላይ ልብና ሳንባ አሥለን እናመጣለን። ማርኩ የእኛ፣ እጁ የሰውዬው። እንግዲህ የካርቶኑ ጎጆ አያት ቅድመ አያት አለው ማለት ነው።

ታዲያ ይሄ ነገር ከየት መጣ? መቼም የእጅ ሥራ የማያውቅ ሕዝብ ልጆች አይደለንም።

ቋንቋችንን ብቻ ብንመለከት የሚገርም ነው። እኛ ትምህርትን «ቀለም» ነው የምንለው። የተማረ ሰው «ቀለም የቆጠረ» ይባላል። የመደበኛው ትምህርት ስም «የቀለም ትምህርት» ነው። ሊቁን «የቀለም ቀንድ» እንለዋለን፤ የቀለም ቀንድ ግን መጀመሪያ ዕቃ ነው። ጸሐፊው ቀለሙን የሚያጠራቅምበት፣ መሬት ላይ ሰክቶት ብዕሩን የሚያጠቅስበት የከብት ቀንድ ነው። ይህን ቃል ያወረሱን ሰዎች ቀለሙን ከሱቅ አልገዙትም። ከድስትና ከምጣድ ሥር ጥላሸት ፍቀው፣ እህል ቆልተውና አሳርረው፣ በሙጫ ለውሰው፣ ለወራት አቆይተው ነው ያዘጋጁት። ለቅዱሳን ስምና ለአርእስት የሚሆነውን ቀዩን ቀለም ለብቻው ያሰናዳሉ። መቃውን ቀርጸው ብዕር ያወጣሉ። የፍየሉን ቆዳ በእንጨት ላይ ወጥረው፣ ፍቀው፣ አልስልሰው ብራና ያደርጉታል። ደቀ መዝሙሩ አንዲት ፊደል ከመጻፉ በፊት እጁ ብዙ ነገር ተምሯል።

ሥዕሉም እንዲሁ ነበር። ለቅኔ፣ ለዜማና ለመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ እንደተዘረጋ ሁሉ ለሥዕል የተዘረጋ ጉባኤ ያን ያህል አልነበረም። ተማሪው አንድ ሠዓሊ ተከትሎ ይኖራል። ቀለም ይፈጫል፤ ግድግዳው ላይ የሚለጠፈውን ሸማ ያሰናዳል፤ ከዚያ ከጌታው ሥር ሆኖ ይገለብጣል። ጻድቃን በሙሉ ፊት ሁለት ዓይናቸው እየታየ፣ ክፉዎች ደግሞ በጎን አንድ ዓይን ብቻ ይዘው እንደሚሣሉ የሚያውቀው በመጽሐፍ አይደለም፤ እየሠራ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ «እንግዲያውስ እነሱም ይገለብጡ ነበር፤ ታዲያ የመምህርህ ጀበና ምን ጥፋት አለበት?» ቢለኝ እውነት አለው። መገልበጥ በራሱ ኃጢአት አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑ ተማሪ ይገለብጥ የነበረው ግን ሕዝብ ፊቱ ቆሞ ለሚጸልይበት ሥራ ነው። ለምን እንደሚገለብጥ ያውቃል። እየገለበጠም ቆዳውን፣ ሙጫውን፣ አፈሩን፣ ሸማውን በእጁ ይለያል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከአሮጌው መገልበጡን ወሰደና የእጁን ሥራ ጣለው። እኔ የገለበጥኩት ጀበና ለማንም ቡና አልቀዳም፤ ከምን እንደሚሠራም አላስተማረኝም።

ለዚህ ምክንያት ነበረው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ሲከፈት አገሪቱ ከሁሉ በላይ የቸገራት ከፈረንጅ ጋር የሚነጋገርላት ሰው ነበር። ስለዚህ ቋንቋ ዋናው ትምህርት ሆነ። ትምህርት ማለት አስተርጓሚ፣ ጸሐፊ፣ ሹም መሆኛ ማለት ሆነ። በዚያ ላይ በአገራችን በእጁ የሚሠራ ሰው ስሙ አያምርም ነበር። ሸክላ የምትሠራውን፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን በየስሙ እየጠራን ስንንቅ የኖርን ሰዎች ነን። ልጁን «ጭቃ እንዳይነካ» ትምህርት ቤት የላከ አባት፣ ልጁ ትምህርት ቤት ውስጥ ጭቃ ሲያቦካ ቢያገኘው ምን ይል ነበር?

የአፈወርቅ ተክሌ ታሪክ ዘመኑን ያሳያል። አንኮበር የተወለደው ይህ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ ሲላክ የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር። አገሪቱ ከእሱ የፈለገችው መሐንዲስ ነው፤ እሱ ግን ወደ ሥዕል ሄደ። ያ መንገድ ባይለወጥ ኖሮ ዛሬ የአፍሪካ አዳራሽን መስኮት የሚያበራው የመስታወት ሥዕል አይኖርም ነበር። ከሰላሌ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤተሰብ የወጣው አለ ፈለገ ሰላም ደግሞ ቺካጎ ተምሮ ተመለሰና በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከፈተ። ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎስያን ያስተማሩበት ትምህርት ቤት ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በመሥራቹ ስም ይጠራል። ትልቅ ነገር ተሠርቷል። ሆኖም ቤቱን የጀመርነው ከጣሪያው ነው። ከላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ቆመ፤ ከታች፣ የስምንት ዓመቱ ልጅ ወንበር ላይ፣ የመምህሬ ጀበና ቀጠለ።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ከሰማይ የወረደላቸው ነገር የለም። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ሥዕል ማለት መስመር መገልበጥ ነበር። ፋብሪካው ዓይኑ የማይሳሳት፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሠራተኛ ይፈልግ ነበርና። በኦስትሪያ ልጆች ነጥብ በተደረደረበት ወረቀት ላይ ነጥብ ከነጥብ እያገናኙ ይሥሉ ነበር። ይህን ልማድ ካናወጡት ሰዎች አንዱ ፍራንዝ ቺዤክ ይባላል። በ1865 በቦሔሚያ ተወልዶ ሥዕል ለመማር ቪየና የገባው በ1885 ነው (እነዚህና ከዚህ በታች ያሉት የውጭ አገር ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። የተከራየው የአንድ ድሃ አናጢ ቤት ነበር። የአናጢው ልጆች እሱ ሲሥል እያዩ እኛም እንሣል አሉት፤ ወረቀትና ቀለም ሰጣቸው። ከመስኮቱ ማዶ ደግሞ የሰፈር ልጆች አጥር ላይ በጠመኔ ሲሥሉ ያይ ነበር። ማንም ሳያስተምራቸው፣ ማርክ ሳይዝላቸው፣ ቦታ እየተሻሙ።

የእሱ ብልሃት ይህን እንደ ብልሽት አለማየቱ ነው። ትልልቆቹ በልጅ ሥዕል ውስጥ ያልተሳካ የአዋቂ ሥዕል ሲያዩ፣ እሱ የራሱ ሕግ ያለው ነገር አየ። በ1897 የልጆች የጥበብ ክፍል ከፈተ። ልጆቹ አይከፍሉም። ወረቀት ይቆርጣሉ፣ ሸክላ ያቦካሉ፣ እንጨትና ሊኖሌም ጠርበው ያትማሉ፣ ይጠልፋሉ። የቪየና ታላላቅ ሠዓሊዎች፣ እነ ክሊምት፣ በ1908 ባዘጋጁት ኤግዚቢሽን ላይ የልጆቹ ሥራ ተሰቀለ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቪየና ስትራብ ደግሞ የእነዚሁ ልጆች ሥዕል ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ፣ ከተማ ለከተማ እየዞረ ለተራቡ ሕፃናት ገንዘብ አሰባሰበ። ልብ በሉ፤ «አያምርም» ሊባል ይችል የነበረ ሥዕል እንጀራ ሆነ ማለት ነው።

ቺዤክን የሚተቹም አሉ። «ነፃ ናቸው ይላል እንጂ የተማሪዎቹ ሥራ ይመሳሰላል፤ የመምህሩ እጅ አለበት» ይላሉ። ሥዕሎቹን ላየ ሰው ትችቱ ከእውነት የራቀ አይደለም። ሙሉ በሙሉ እጁን የሚሰበስብ መምህር ማግኘት ከባድ ነው። እኔ አንድ ሌሊት እንኳን አልቻልኩም!

ጃፓኖችም በዚያው መንገድ አልፈዋል። የጃፓን ተማሪ መንግሥት ካሳተመው የሥዕል መጽሐፍ ይገለብጥ ነበር። ያማሞቶ ካናኤ የሚባል የኅትመት ሥዕል ባለሙያ በ1916 ከፈረንሳይ ወደ አገሩ ሲመለስ ሞስኮ ላይ የልጆች ሥዕል ኤግዚቢሽን አየ፤ ነገሩ ከልቡ ገባ። በ1919 ናጋኖ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ካንጋዋ በምትባል መንደር ትምህርት ቤት ውስጥ የልጆች ነፃ ሥዕል ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። መልእክቱ አጭር ነበር፤ መጽሐፉን ዝጉ፣ ልጁን ወደ ደጅ አውጡት፣ ያየውን ይሣል። በዚያው ዓመት ለመንደሩ ገበሬዎች በክረምት ሥራ ሲፈቱ እንጨት እየቀረጹ የሚሸጡበትን የእጅ ሥራ ሥልጠና ጀመረ። ለእሱ የልጁ ሥዕልና የገበሬው እጅ ሁለት ጉዳይ አልነበሩም። ንቅናቄው በአገሩ ሲሰፋ ልጆች በቀላሉ የሚይዙት ደማቅ ቀለም ተፈለገ፤ በ1925 አንድ የጃፓን ፋብሪካ ዛሬ የዓለም ልጆች የሚሥሉበትን ዘይት ያለው ከለር አወጣ። የማስተማሪያ ዘዴው ተለወጠ፤ ዕቃው ተከትሎ መጣ። እኛ ዘንድ ግን «ዕቃ የለንም» ስንል ዘዴው እንደተቀመጠ ቀረ።

ቪየናና ቶኪዮ ድረስ ምን አስኬደኝ? የእኛም የልጆች ኤግዚቢሽን ነበረን እኮ! ለእንቁጣጣሽ። የጳጉሜን ቀናት ሲመጡ የሰፈር ወንድ ልጅ ሁሉ ሠዓሊ ይሆን ነበር። ደብተር ይቀደዳል፤ አበባ፣ ፀሐይ፣ መልአክ ይሣላል። በመስከረም አንድ ማለዳ ሴቶቹ ልጆች አበባየሆሽ እያሉ፣ እኛ ሥዕላችንን ይዘን በየቤቱ እንዞራለን። የሥዕሉ ባለቤት ልጅ፣ ገዢው ጎረቤት፣ ማሳያው የሰው ሳሎን ነው። እማማ እገሌ የሰጡንን ሥዕል ዓመቱን ሙሉ ከግድግዳ አያወርዱትም። ከለር የሌለው በቅጠል ጭማቂ ያቀልማል። ከዚያ ካርቦን ወረቀት መጣና መልአኩን መቶ ጊዜ መገልበጥ ተቻለ። ቀጥሎ የታተመ ካርድ ተገዝቶ መታደል ጀመረ። አሁን በየሰፈሩ ሲዞር የማየው ልጅ እጁ ላይ የያዘው ብዙ ጊዜ ራሱ ያልሣለውን ነው።

በትምህርት ቤት የማይያዝልን ስንት የእጅ ዕውቀት ነበረን! ከሽቦ መሪው የሚዞር መኪና እንሠራለን፤ ከአገዳ መነጽር፣ ከጭቃ በሬና ጥማድ፣ ከአሮጌ ካልሲ ኳስ። እህቶቻችን ስንደዶና አክርማ ለቅመው፣ አቅልመው ሙዳይ ይሰፋሉ። ሙዳይ ሲሰፋ ጥለቱ የት እንደሚጀምር፣ ስንት ዙር ላይ ቀለም እንደሚለወጥ መቁጠር ያስፈልጋል። ያቺ ልጅ ሒሳብ ክፍል ገብታ «ደካማ» ትባላለች፤ ማታ ግን በጣቶቿ ጂኦሜትሪ ትሠራለች። ሁለቱን ያገናኘላት መምህር ቢኖር ኖሮ እላለሁ።

በወረቀት ደረጃ ጉዳዩ ተረስቶ አያውቅም። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት በሚያስተምርበት፣ «ሰልፍ ኮንቴይንድ» በሚባለው ዘዴ ውስጥ ሥነ ጥበብም ነበረ። በቅርብ ዓመታት በመጣው ሥርዓተ ትምህርትም ለትንንሾቹ የክዋኔና የዕይታ ጥበባት ተብሎ መጽሐፍ ተዘጋጅቷል። የሚያሳዝነው ሰዓቱ ነው። አገር አቀፍ ፈተና ላይ ስለማይመጣ ሒሳብ ሲጎድል ከእሱ ይቀነሳል፤ ስብሰባ ሲኖር እሱ ይሰረዛል።

መምህራንን ለመውቀስ አይደለም። ስልሳና ሰባ ልጅ የታጨቀበት ክፍል ውስጥ ጭቃ አስገቡ ማለት ቀላል ነው። ውኃው ከየት ይመጣል? ዩኒፎርሙ ቢበላሽ ከወላጅ ጋር ማን ይሟገታል? ራሱ በልጅነቱ ጀበና ሲገለብጥ ያደገ መምህር ያልተሰጠውን ከየት ያምጣው? ነገር ግን «ቀለም መግዣ የለም» የሚለውን ብቻ አልቀበልም። እርድ ቢጫ ነው። ቀይ ሥር ቀይ ነው። ከሰል ጥቁር፣ የቡና አተላ ቡናማ ነው። የአገራችን አፈር ብቻውን ስንት ዓይነት ቀለም አለው! ልጆቹ ይህን ሲፈልጉ፣ ሲወቅጡ፣ ሲያጣሩ፣ ሙጫ ሲጨምሩ ሳይንሱን ተማሩት፤ ከምን እንደሚቀላቀል ሲሰፍሩ ሒሳቡን። ለብራና ጸሐፊው ደቀ መዝሙርም የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ገንዘብ የማይጠይቀው ነው፤ ማርኩ። የስምንት ዓመት ልጅ ለሠራችው ቤት ከአሥር ስንት ይሰጣል? «ይሄ በር ለምን ሰፋ?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር ቢገጥማት፣ ስለ አያቷ፣ ስለ ደጃፉ፣ ስለ መጠበቅ ትነግረው ነበር። የካርቶኗን ጎጆ ግን ማንም ምንም አልጠየቃትም። የሚጠየቅ ነገር የለባትማ! በሯ ልክ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እህቴ ቤት ሄድኩ። ጓሮው ውስጥ ጭቃ አስቦክቼ ልጅቷን ጠራኋት። አሁን አምስተኛ ክፍል ናት፤ ጥፍሯን አየችና «ይቆሽሻል» አለች። ቆይታ ግን ተቀመጠች። ጀበና ጀመረች። ጆሮው ጋ ስትደርስ ሁለት ጊዜ ወደቀባትና «ጋሼ፣ ሥራልኝ» አለችኝ፣ ጭቃውን እየዘረጋችልኝ።

እጄ ሊሄድ ነበር። እውነቴን ነው፣ ሊሄድ ነበር። ሁለቱንም እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩና «እኛ ቤትኮ ድሮ ጆሮ የሌለው ጀበና ነበር» አልኳት። ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ጭቃውን መልሳ ወሰደችው። ጀበናው ምን ሆኖ እንደወጣ አልነግራችሁም፤ «እይልኝ» እስክትለኝ ድረስ እየጠበቅኩ ነው።